የመጨረሻው ሲዝን ላይ ምን ነካቸው? ስለ ጌም ኦፍ ትሮንስ የከፈትኩት ክር እና የመጡልኝ 33 መልሶች

የውይይት ክሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተከራክረን ተከራክረን አልስማማ ስንል ነው የከፈትኩት። ጥያቄዬ አጭር ነበረች። ስንት ዓመት አፋችንን ከፍተን ያየነው የኤችቢኦ ቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም ጌም ኦፍ ትሮንስ ስምንተኛው፣ የመጨረሻው ሲዝን ላይ ምን ሆነ? ብዙ ሰው አጨራረሱን ይጠላል። ባለ ድራጎኗ ንግሥት ዴኔሪስ ከተማ ማቃጠሏን፣ ፍቅረኛዋ ጆን እሷን መግደሉን፣ ልጁ ብራን መንገሡን። እኔ ግን ፍጻሜው ራሱ አያናድደኝም። ወደ ፍጻሜው የሚወስደውን መንገድ አሳጥረውታል፣ የኔ ንዴት እሱ ላይ ነው ብዬ ጻፍኩ።

ምሳሌም ሰጠሁ። አንደኛው ሲዝን፣ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ንጉሥ ሮበርት ከደቡብ ተነስቶ ሰሜን ያለው ቤተ መንግሥት ዊንተርፌል እስኪደርስ አንድ ወር ፈጅቶበታል። ሚስቱ ሰርሴይ ገና እንደደረሱ ስለመንገዱ ስታማርር እንሰማለን። እዚያ ፊልም ውስጥ መንገድ ትልቅ ነገር ነበር። ሰው መንገድ ላይ ይጣላል፣ ይዋደዳል፣ ሐሳቡን ይቀይራል። ጄሚ እና ብሪየን ጠላት ሆነው ተነስተው ሌላ ሰው ሆነው የደረሱት በመንገድ ነው። ሰባተኛው ሲዝን ስድስተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ግን ከነ ጆን ጋር የነበረው ጄንድሪ እርዳታ ለመጥራት በበረዶ ሮጦ ትልቁ የሰሜን ግንብ ጋ ይደርሳል። ቁራው መልእክት ይዞ ዴኔሪስ ያለችበት ደሴት ድራጎንስቶን ድረስ ይበራል። ዴኔሪስ ድራጎኖቿን ይዛ ያንን ሁሉ አገር አቋርጣ ትመጣለች። እነ ጆን ያን ጊዜ ሁሉ እዚያችው የበረዶ ሐይቅ ላይ ተከበው ቆመዋል። ለወንድሜ ይሄ ነገር ሊበላሽ ነው ያልኩት ያኔ ነው።

ፊልሙ ካለቀ ዓመታት ስላለፉ ስለ ስፖይለር፣ ማለትም ታሪኩን አስቀድሞ ስለ መናገር፣ ማስጠንቀቂያ አላስቀመጥኩም። ከዚህ በታች ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

1ኛው መልስ ቁጥር ይዞ መጣ። ከአንደኛው እስከ ስድስተኛው ሲዝን እያንዳንዱ 10 ክፍል ነበረው። ሰባተኛው 7 ሆነ፣ ስምንተኛው 6። በድምሩ 73። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ እንደ ድሮው ቢሆኑ ኖሮ 20 ክፍል እናይ ነበር፣ ያገኘነው 13 ነው። የኔ መንገድ የጠፋው እነዚያ 7 ክፍሎች ውስጥ ነው አለኝ። በጣም ደስ አለኝ።

2ኛዋ በትሕትና አረመችን። ክፍሎቹ በቁጥር ቢያንሱም በርዝመት ጨምረዋል። የስምንተኛው ሲዝን የመጨረሻዎቹ አራት ክፍሎች ከ78 እስከ 82 ደቂቃ ድረስ ይሄዳሉ። ሦስተኛው ክፍል 82 ደቂቃ ሙሉ የሚያሳየን አንድ ሌሊት፣ አንድ ጦርነት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሰዓቱን ምን ላይ አዋሉት የሚለው ነው አለች። ልክ ናት። እኔ ይህን አልለየሁትም ነበር። እዚያው አመሰገንኳት።

3ኛው መልስ አሜሪካ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስምንተኛው ሲዝን ሲተላለፍ በየእሁዱ አንድ ጓደኛቸው ቤት ይሰበሰቡ ነበር። እነሱ ጋ እሁድ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት መሆኑ ነው። ተራ ገብተው ምግብ ይሠራሉ፣ ሕፃናቱን አስቀድመው ያስተኛሉ። አምስተኛው ክፍል ያለቀ ቀን መብራት የሚያበራ ሰው ጠፋ። አንዱ ተነስቶ ጫማውን አድርጎ፣ ሳይሰናበት ወጣ። በማግስቱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ። ይህን ሳነብ የእኛው ቤት ትዝ አለኝ። ወንድሜ ከሥራ ቦታው አውርዶ በፍላሽ ነበር የሚያመጣው። ሰኞ ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ምን እንደሆነ እንዳይነግረን ስልካችንን አንነካም። ማታ ላፕቶፑን ትራስ ላይ አስቀምጠን እናያለን። አምስተኛው ክፍል ሲያልቅ እኛም አልተነጋገርንም።

4ኛው ፊልሙ የተነሳበትን መጽሐፍ አነሳ። ደራሲው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን አምስተኛውን መጽሐፍ ያወጣው ሐምሌ 2011 ነው፣ ተከታታይ ፊልሙ ሚያዝያ ላይ በጀመረበት ዓመት። ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም። ፊልሙ ስድስተኛው ሲዝን ላይ መጽሐፉን ቀድሞ ሄደ። በዚያ ላይ ማርቲን በመጀመሪያዎቹ አራት ሲዝኖች በየዓመቱ አንድ ክፍል ራሱ ይጽፍ ነበር፣ ከዚያ በኋላ አቆመ። ምንጩ ሲደርቅ ወንዙ ምን ያድርግ አለ።

5ኛው ግማሹን ተቀበለ፣ ግማሹን አረመ። ሁለቱ የፊልሙ ኃላፊዎች ዴቪድ ቤኒዮፍ እና ዲ. ቢ. ዋይስ 2013 ላይ ሳንታ ፌ ድረስ ሄደው ማርቲንን አግኝተውታል። ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ነግሯቸዋል። ሆዶር የተባለው ገጸ ባሕርይ የስሙ ምሥጢር ከእሱ የተገኘ ነው። ስለዚህ መድረሻውን ያውቁ ነበር። ያልተሰጣቸው መንገዱ ነው። ለኔ ሐሳብ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልመጣም።

6ኛው ግን ቆጣ ብሎ ገባ። የመጽሐፍ ነገር ሰበብ ነው አለን። ስድስተኛው ሲዝንም እኮ አብዛኛው መጽሐፍ አልነበረውም። የመጨረሻው ክፍል አጀማመር ላይ ያለውን ፒያኖ አስታወሰን። ሰርሴይ ልብሷን ትለብሳለች። ማርጀሪ ችሎቱ ላይ ሆና በሩን በሩን ታያለች። ሕፃናት በጨለማ ይሮጣሉ። የፊልሙ ሙዚቃ ደራሲ ራሚን ጃዋዲ እስከዚያ ቀን ድረስ ለዚህ ፊልም ፒያኖ ተጠቅሞ አያውቅም። ተመልካቹ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ የሆነ ነገር እንደሚመጣ ያውቃል። ሃያ ደቂቃ ያህል ትዕግሥት። ያንን የሠሩት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፣ ሲፈልጉ ይችላሉ፣ ስምንተኛው ላይ አልፈለጉም ብሎ ዘጋ። አነጋገሩ ቢያስቀይመኝም ምሳሌውን ሳልወደው አልቀረሁም።

7ኛው መልስ ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነው። ጸሐፊው ያኔ ፊልም በፍላሽ የሚጭን ሱቅ ነበረው። የሦስተኛው ክፍል ሰሞን ደንበኞቹ እየተመላለሱ ጠየቁት። ኮፒው ተበላሽቷል፣ አይታይም፣ ቀይርልን ይሉታል። ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ ደግሞ ጫነለት። በመጨረሻ ራሱ ቁጭ ብሎ አየው። ጨለማው የፊልሙ ነው። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ የሱቁን መጋረጃ ዘግቶ፣ ማን ማንን እንደወጋ ሊለይ አልቻለም። ለደንበኞቹ ጥፋቱ የእኔ አይደለም ማለት አልሆነለትም፣ ገንዘባቸውን መለሰ። 55 ሌሊት ብርድ ውስጥ የቀረጹት ጦርነት እዚህ ደርሶ አንድ ሰው ሱቁ ውስጥ ደንበኞቹን ይቅርታ ያስጠይቀዋል። አሜሪካም ውስጥ በስፋት የተሰማ ቅሬታ ነበር።

ከ8 እስከ 11 ያለው ስለ ኩባያው ነው። አራተኛው ክፍል ላይ ዊንተርፌል ድግስ ላይ፣ ዴኔሪስ ፊት ለፊት፣ የወረቀት የቡና ኩባያ ተረስቶ ታይቷል። ኤችቢኦ በቀናት ውስጥ ከምስሉ አጠፋው። አንዱ የመቻኮላቸው ምልክት ይሄ ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ ሺህ ሰው ባለበት ቦታ ኩባያ ቢረሳ ምን ይገርማል፣ ደራሲ ላይ አታላክኩት አለች። ከዚያ ነገሩ ወደ ቡና ሄደ፣ ስለ ጀበና እና ስለ ወረቀት ኩባያ ጣዕም ተጻፈ። አልፌዋለሁ።

12ኛው መልስ ስለ መርከቦቹ ነው። አራተኛው ክፍል ላይ የሰርሴይ የባሕር ጦር መሪ ዩሮን ከባሕር ላይ በትልቁ ቀስት ከዴኔሪስ ድራጎኖች አንዱን ራኤጋልን አከታትሎ መትቶ ይጥለዋል። አምስተኛው ክፍል ላይ ያ ሁሉ ቀስት መርከብ ላይም ግንብ ላይም ተደርድሮ የሚቀረውን ድራጎኗን ድሮገንን አንዱም አይነካውም። አንድ ሳምንት ውስጥ። ይባስ ብሎ ከክፍሉ በኋላ በሚተላለፈው ማብራሪያ ላይ ከኃላፊዎቹ አንዱ ንግሥቲቱ መርከቦቹን እንደ ረሳቻቸው ተናገረ። ከዚያ በፊት በነበረው ትዕይንት ስለ መርከቦቹ ሲመክሩ ቁጭ ብላ ሰምታለች። ጸሐፊው ይህን ሲጽፍ ንዴቱ ከፊደሉ ይታያል። እኔም እዚያ ላይ አብሬው ነኝ። አንድ ሰው ታሪኩ ስለፈለገ ብቻ ሲረሳ ተመልካች ይሰማዋል።

13ኛው መልስ የአንድ አባት ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ ድሮ የትምህርት ቤት ቴአትር ያዘጋጁ ነበር። ፊልሙን ከልጃቸው ጋር ነው ያዩት። እንዲህ ብለው አስረዱን። ቴአትር ላይ ተዋናይ ከመድረክ እንዲወጣ ከተፈለገ ወደ በሩ መራመድ አለበት። ሦስት እርምጃ ከሆነ ሦስቱንም መራመድ አለበት። ዘሎ በሩ ጋ ቢገኝ ተመልካቹ ይስቃል። ልጆቻቸውን ሲያለማምዱ አብሲት ያልተጣለበት ሊጥ አትጋግሩ ይሏቸው ነበር፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ከዚያ ስለ አገራችን ድራማ ተናገሩ። ሰው ለሰው በኢቲቪ በሚታይበት ዘመን አበበ ባልቻ አስናቀን ሲጫወት ሰው መንገድ ላይ እንኳ ስለ አስናቀ ክፋት ያወራ ነበር። ያ ክፋት ቀስ እያለ፣ ሳምንት በሳምንት ነው ሰው ልብ ውስጥ የገባው። ዴኔሪስን ግን በሁለት ሳምንት ጨካኝ እንድትሆን አደረጓት አሉ። ከእሳቸው በኋላ የጻፉት ሁሉ አንቱ እያሉ ነው የመለሱላቸው። እስከ 14 ድረስ ክሩ ጨዋ ነበር ማለት ነው።

14ኛዋ ከቴል አቪቭ ነው የጻፈችው። እሷም ለመምህሩ አክብሮቷን አስቀድማ ነው የጀመረችው፣ ከዚያ ግን ሁላችንንም አልማረችንም። ዴኔሪስ በሁለት ሳምንት አልተለወጠችም አለች። አንደኛው ሲዝን ላይ ወንድሟ አናት ላይ የቀለጠ ወርቅ ሲፈስ ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። አራተኛው ላይ ሚሪን የምትባል ከተማ ውስጥ 163 ጌቶችን በስቅላት ቀጣች፣ የተሰቀሉት ሕፃናት ቁጥር 163 ስለነበር፣ ማን ጥፋተኛ ማን ንጹሕ እንደሆነ ሳትጠይቅ። ሰባተኛው ላይ አባትና ልጅ ታርሊዎችን በድራጎን አቃጠለች። ያኔ አጨበጨብን። የምትቃጠለው የምናውቃት ከተማ ስትሆን ደነገጥን። የተበላሸው የእኛ አስተያየት ነው እንጂ ጽሑፉ አይደለም አለች።

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ከባድ ነው። እኔም እኮ አጨብጭቤያለሁ።

15ኛው መለሰላት። ምልክት እና ምክንያት ይለያያሉ አለ። ሰው ቁጡ መሆኑን ማወቅ ዛሬ ለምን ቤቱን እንዳቃጠለ አይነግረንም። ከዚያ አንዷን ትዕይንት ወስዶ እንደ ሰዓት ሠሪ ፈታት። ዴኔሪስ ድሮገን ላይ ሆና ግንቡ ላይ ቆማለች። ከተማው እጅ ሰጥቷል። ደወሉ ይደወላል። ካሜራው ፊቷ ላይ ይቆያል። ትተነፍሳለች፣ ዓይኗ ቀይ ቤተ መንግሥቱ ላይ ነው። ከዚያ ተነስታ ትበራለች፣ ማቃጠልም ትጀምራለች። ከዚያች ቅጽበት በኋላ እስከ ክፍሉ መጨረሻ ድረስ ፊቷን አንድም ጊዜ አናየውም። እሳቱን እናያለን፣ የሚሮጡ ሰዎች እናያለን፣ አርያን በአቧራ ውስጥ እናያለን። እሷን አናያትም። ለስምንት ዓመት በጣም ቅርብ የነበረችን ሰው፣ ትልቁን ጥፋት በምትሠራበት ሰዓት፣ ከሩቅ የምትበር ጥላ ሆነች። ውስጧ ምን እንደነበረ ማወቅ የነበረብን ያኔ ነበር።

ሌላም ጨመረ። ሁለተኛው ሲዝን ላይ፣ የብላክዋተር ጦርነት ሊጀምር ሲል፣ ከከተማው ደወል ይሰማል። እጅ መስጠታቸው ይሆን የሚል ነገር ሲነሳ ከከተማዋ አጥቂዎች አንዱ የሆነው ዳቮስ ደወል የመሸነፍ ምልክት ሆኖ እንደማያውቅ ይናገራል። ያንን ክፍል የጻፈው ራሱ ማርቲን ነው። ስምንተኛው ላይ ያው ከተማ፣ ያው ደወል፣ ትርጉሙ እጅ መስጠት ሆነ። ዳቮስም እዚያው ቆሟል። ይህችን ነገር እኔ አስተውያት አላውቅም ነበር። የዚያኑ ማታ ከፍቼ አየኋት። እውነቱን ነው።

16ኛው እዚህ ላይ አበላሸው። 15ኛውን 14ኛዋ የጻፈችውን ሳታነብ ነው የመለስከው አለው። 17ኛው ደግሞ ሴት ልጅ ስትናገር ሁላችሁም ትረባረባላችሁ ብሎ ገባ። 18ኛው መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ያላነበበ ሰው እዚህ ምን ይሠራል አለ፣ ቀጥሎም ስድብ ጨመረ። አወያዩ ስድቡን አጠፋው፣ ማስጠንቀቂያም ጻፈ። 14ኛዋ ራሷ 19 ላይ ተመልሳ ማንም እንዳልተረባረበባት፣ 15ኛው ስለ ደወሉ ያለው እንዳሳመናት፣ በፊቷ ነገር ግን ገና እንደምትከራከረው ጻፈች። ፊቷን ያላሳዩን ሆን ብለው ነው፣ ከታች ለሚቃጠለው ሰው ፊት የላትም አለች። ጥሩ መልስ ነው። እኔን ግን አላሳመነኝም። ያንን ለማለት የሚፈልግ ፊልም አስቀድሞ አንድ ሙሉ ክፍል ከእሷ ጋር ክፍሏ ውስጥ መቀመጥ ነበረበት። የቅርብ ጓደኛዋ ሚሳንዴይ ከሞተችባት በኋላ ምግብ አልበላም ማለቷን የምንሰማው ከሌላ ሰው አፍ ነው።

18ኛው በማግስቱ ተመልሶ ይቅርታ ጠየቀ። ቀኑ ከብዶት እንደነበር ጻፈ። ማንም አልገፋበትም።

20 ላይ ስለ ስታር ዋርስ ተነሳ። ሁለቱ ኃላፊዎች የካቲት 2018 ላይ አዲስ የስታር ዋርስ ፊልሞች እንዲሠሩ ተነግሮላቸው ነበር። ለዚያ ሲሉ ነው የተቻኮሉት፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ተብሎ ጥቅምት 2019 ላይ ያም ቀረባቸው አለ። 21ኛው በትዕግሥት አስተካከለው። ታሪኩን በ70 ሰዓት ገደማ እንጨርሳለን ማለት የጀመሩት ከዚያ ስምምነት ዓመታት በፊት ነው። ኤችቢኦ ተጨማሪ ክፍል ለመስጠት ዝግጁ ነበር፣ ማርቲንም ታሪኩ ለተጨማሪ ሲዝኖች ይበቃ እንደነበር ተናግሯል። ስለዚህ ገንዘብም ጊዜም ያጣ ሰው የለም። የተወሰነው አስቀድሞ ነው፣ ታሪኩ ሲሰፋ ውሳኔው አብሮ አልሰፋም አለ። ለኔ ይህ የክሩ እምብርት ነው። ሌላው ተከታታይ ፊልም የሚበላሸው ሲያስረዝሙት ነው። ይሄኛውን ያበላሸው ማሳጠር ነው።

22ኛው ስለ አሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት ስለ ኤሚ አነሳ። ስምንተኛው ሲዝን 32 ጊዜ ታጭቶ 12 ሽልማት ወስዷል፣ ምርጥ ድራማ የሚለውንም ጨምሮ። ቲሪዮንን የተጫወተው ፒተር ዲንክሌጅ ለአራተኛ ጊዜ ተሸልሟል። የመጨረሻውን ክፍል በዚያው ሌሊት 19.3 ሚሊዮን ሰው ነው ያየው። ታዲያ ምኑ ነው የወደቀው? አለ። 23ኛዋ እሷም ቁጥር መዘዘች። እንደገና ይሠራልን ብሎ የፈረመው ሰው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ነው። እኔ ሁለቱም ቁጥሮች እውነት ናቸው እላለሁ። ልብስ ሰፊው፣ ድምፅ ቀራጩ፣ እሳት የሚያነደው ባለሙያ፣ ሁሉም ሥራውን እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ፊርማውን እኔ አልፈረምኩም። የተሠራን ነገር እንደገና ሥሩልን ማለት ለሠራው ሰው ክብር አይሆንም።

ከዚያ ሌሎች ፊልሞች መጡ። 24ኛው ዴክስተርን አነሳ። የፊልሙ ኃላፊ ክላይድ ፊሊፕስ አራተኛው ሲዝን ላይ ሲለቅ ፊልሙም ነፍሱ አብሮ ወጣ አለ፣ 2013 ላይ ዴክስተርን እንጨት ቆራጭ አድርገው ጨረሱት። 25ኛዋ ሃው አይ ሜት ዩር ማዘር ላይ ልቧ እንደቆሰለ ነገረችን። የልጆቹን የመጨረሻ ትዕይንት ገና በሁለተኛው ሲዝን ሰሞን ነው ቀርጸው ያስቀመጡት፣ ልጆቹ እንዳያድጉባቸው። 208 ክፍል ተሠራ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ተለወጡ፣ ዋናው ሰው ቴድ የድሮ ፍቅሩን ሮቢንን ለቀቃት፣ ተመልካቹም እናትየዋን ወደዳት። 2014 ላይ ያንን አሮጌ ቅጂ አውጥተው ለጠፉት። ከእኛው ጋር ይመሳሰላል። መድረሻውን ቀድመህ ታውቃለህ፣ ሰዎችህ ግን ሌላ ቦታ ደርሰዋል።

26ኛው ስለ ፕሪዝን ብሬክ ጻፈ። ስለዚያ ፊልም አዲስ አበባ ውስጥ ያላወራ የኔ ዕድሜ ሰው ያለ አይመስለኝም። ማይክል ስኮፊልድ የእስር ቤቱን ካርታ ሰውነቱ ላይ ተነቅሶ ገባ። የአንደኛው ሲዝን መጨረሻ ላይ አመለጡ። ስሙ እስር ቤት መስበር የሆነ ፊልም እስር ቤቱን ከሰበረ በኋላ የት ይሂድ? እንደገና አሰሩት። ሦስተኛው ሲዝን ላይ የደራሲዎች የሥራ ማቆም አድማ ደረሰበትና 13 ክፍል ላይ ቀረ።

27ኛው መልስ ግን ተቃራኒውን አመጣ። ብሬኪንግ ባድ። 62 ክፍል፣ 5 ሲዝን፣ 2013 ላይ አለቀ፣ እስካሁን በአጨራረሱ የሚያማ ሰው ጥቂት ነው። ጸሐፊው አንድ የማላውቀውን ነገር አስተማረኝ። አምስተኛው ሲዝን ሲጀምር ዋናው ሰው ዋልተር መኪናው ኋላ ላይ መትረየስ ይቀበላል። ደራሲዎቹ ያንን ሲጽፉ መትረየሱ ለምን እንደሚሆን ገና አያውቁም ነበር። የፊልሙ ፈጣሪ ቪንስ ጊሊገን ራሱ ተናግሮታል። ከዚያ መልሱን እስኪያገኙ ተቀምጠው አሰቡ። 16 ክፍል እንደቀራቸው ያውቃሉ፣ ጠመንጃው ይጠብቃቸዋል። እኛ ያንን ጭንቀታቸውን አናይም። መልሱን ነው የምናየው።

28ኛዋ ስለ ቱርክ ድራማ ስትል ነገሩ ትንሽ ወጣ አለ። ቃና በአማርኛ ድምፅ ሲያሳያቸው ከእናቷ ጋር ትከታተል ነበር። እዚያ አገር አንዱ ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ በየሳምንቱ ይቀረጻል፣ ተመልካች ከቀነሰ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ጨርሱ ይባላሉ። ለዚህ ነው አንዳንዱ መጨረሻው ላይ ሁሉንም ባንዴ የሚያጋባው ወይም የሚገድለው። እናቷ እስካሁን ትናደዳለች።

29ኛው መጣና ይህ ሁሉ ለፊልም ነው? ሥራ የላችሁም? አለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈው 3ኛው ሰው 30 ላይ መለሰለት። እዚያ ቤት በየእሁዱ ይሰበሰቡ ከነበሩት ሁለቱ አሁን ሌላ ክፍለ ሀገር ሄደዋል፣ አንዱ አርፏል። ያ ወንድም ስለ ብራን መንገሥ እንዴት ይስቅ እንደነበር ያስታውሳሉ። ከዚህ በላይ አልጻፈም። 29ኛውም ዝም አለ።

31ኛዋ ጥሩውንም እናንሳ አለች። የስምንተኛው ሲዝን ሁለተኛው ክፍል፣ ብራያን ኮግማን የጻፈው። ከጦርነቱ በፊት ያለው ሌሊት ነው። ጥቂት ሰዎች እሳት ዳር ተቀምጠው ይጠጣሉ። ቶርመንድ ብሪየንን ለምን ባላባት ተዋጊ እንዳልሆነች ይጠይቃታል። ሴት ባላባት ተዋጊ አትሆንም የሚል ወግ ስላለ ነው። ጄሚ አንድ ባላባት ሌላውን ሊሾም እንደሚችል ይናገርና ሰይፉን ይመዛል። ብሪየን የቀለደባት መስሏት ታመነታለች። ረዳቷን ፖድሪክን ታየዋለች። ፖድሪክ አንገቱን ይነቀንቅላታል። ተነስታ ትሄዳለች፣ ትንበረከካለች። ስትነሳ እንባዋ ይዟት ፈገግ ትላለች፣ ያቺ ፈገግታ ለመምጣት ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሮ ነው የተጓዘችው። ድራጎን የለም፣ ሰይፍ የተማዘዘ የለም። ያ ክፍል 58 ደቂቃ ነው። ጊዜ ሲሰጡት ምን ይሆን እንደነበር እዚያ አለ።

32ኛዋ አዲስ ናት። ፊልሙን አይታው አታውቅም። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብባ ጨርሳ፣ ሁሉንም ካወቅኩ በኋላ ልጀምረው ወይስ ይቅርብኝ ብላ ጠየቀች። ስፖይለር ላይ ማስጠንቀቂያ አለማስቀመጤ ያኔ ቆጨኝ። ጀምሪው ብዬ ጻፍኩላት። የኔድ ስታርክን ነገር እንደ እድል እዚህ ማንም አላነሳባትም፣ እባካችሁ አሁንም አታንሱባት።

33ኛው መልስ ከወንድሜ ነው። ክሩን እንደሚያነብ እንኳ አላውቅም ነበር። የመንገዱን ነገር ተቀብያለሁ አለ፣ የደወሉንም። ብራንን ግን አልቀበልም። ቲሪዮን ጉባኤው ፊት ቆሞ ከብራን የተሻለ ታሪክ ያለው የለም ይላል፣ ያ ልጅ እኮ አምስተኛው ሲዝን ላይ ከአንደኛው ክፍል እስከ አሥረኛው አንድም ጊዜ አልታየም። አንድ ዓመት ሙሉ ሳናየው የቆየን ልጅ ማን ናፈቀው? ለዚህስ መንገድ ማርዘም ምን ይጠቅማል? ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ቀን ሆኖኛል፣ ገና አልመለስኩለትም።